የኦታቪያ ቅምቅማት

ሚሬላ ሠርጓ ስድስት ሳምንት ሲቀረው የእናቷን የሠርግ ቀሚስ ለበሰችው፤ ማለት፣ ልትለብሰው ሞከረች። ሐሩ ትከሻዋ ላይ ሲደርስ አሻፈረኝ አለ። ግማሽ ፊቷ በቀሚሱ ውስጥ ተቀብሮ፣ ሁለት እጆቿ ወደ ላይ እንደተሰቀሉ፣ «እንግዲህ ወይ ቀሚሱን አስፉት፣ ወይ ትከሻዬን ጥረቡልኝ» አለች።

«የመርከብ መሪ ስትጠመዝዢ እየዋልሽ የበሬ ትከሻ አወጣሽ» አሉ አክስቷ ኤርሲሊያ ከወንበራቸው ሳይነሡ። «እናትሽ እኮ የወፍ ትከሻ ነበር ያላት።»

«ቲዚያኖም የሚያገባው በሬዋን ነው፤ ምን ይደረግ።»

ሚሬላ በጣሊያኑ የኮሞ ሐይቅ ላይ ሰው የምታመላልስ ትንሽ መርከብ ነጂ ናት፤ ቁመቷም ትከሻዋም የአባቷ ነው። ኤርሲሊያ የእናቷ ታላቅ እህት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የመንደሩን ሴት ሲያለብሱ የኖሩ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ አሁን ግን እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ብርጭቆ እንኳ በሁለት እጅ ነው የሚይዙት። ስለዚህ ከዚያ ቤት መቀስ የሚያነሣ ሰው ቢኖር ሦስተኛዋ ብቻ ናት፤ ኒቬስ፣ የሚሬላ ታላቅ እህት፣ ያን ጊዜ መስኮቱን ተደግፋ የቆመችው።

ኒቬስ የጥንት ልብስ መንከባከብን ስኮትላንድ ተምራ፣ እዚያው ስትሠራ ኖራ ከተመለሰች ገና ዓመት አልሞላትም። ሻንጣዋ እስካሁን ከአልጋዋ ሥር ግማሹ እንደታሸገ ነው። ተመለስኩ ትበል ወይስ ልጎበኝ መጣሁ ትበል፣ ለራሷም አልለየላትም። በሩቁ ሀገር ያስተማሯት ግን በልቧ ተጽፏል፦ አሮጌ ሐር አይለበስም፣ አይተረተርም፣ መቀስ አይደርስበትም። ሲነካም በጓንት ነው።

ደግሞም ይህ ተራ አሮጌ ሐር አልነበረም። እናቷ ኦታቪያ የሞተችው ኒቬስ ሩቅ ሳለች ነው። ከእናቷ ገላ የቀረ ቅርጽ ቢኖር በዚህ ቀሚስ ውስጥ ያለው ነው፤ ጠባቡ ትከሻ፣ ቀጭኑ ወገብ፣ ከጉልበት በላይ የቀረው አጭር ጉርድ። ቢተረተር ያ ቅርጽ ወዴት ይሄዳል? ኒቬስን ያስጨነቃት ይኸው ነበር፤ ለእህቷ ግን አልነገረቻትም።

ቀሚሱ ቀድሞ የሌሎችም ነበር። ሐሩ የተሸመነው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ ማዳሌና የምትባል የቤቱ ልጅ ስትዳር ነው። የማዳሌና ዘመን ሴቶች ዳሌያቸው ላይ የሸንበቆ ቅርጫት አስረው ጨርቁን በዚያ ላይ ስለሚዘረጉ፣ በር ሲገቡ እንደ ሸርጣን በጎናቸው ነበር የሚሄዱት። ከእሷ ቀጥላ የተዳረችው ፋውስታ ቅርጫቱን ጣለችና ወገቧን ኮርሴት በሚሉት አጥባቂ ልብስ እስኪበጠስ ታሰረች፤ ያው ሐር ተተርትሮ እንደ ደወል የተነፋ ጉርድ ሆነ። ክሌሊያ ስትደርስ ደግሞ ዘመኑ ሴት ከፊት ቀጥ፣ ከኋላ ትራስ ያዘለች ትምሰል አለ፤ የደወሉ ጨርቅ ሁሉ ተሰብስቦ ወደ ኋላ ተጫነ። ከእሷ በኋላ ዘሊንዳ፣ የኤርሲሊያና የኦታቪያ እናት፣ ኮርሴቱንም ትራሱንም አሽቀንጥራ እንደ ውሃ ከትከሻ እስከ መሬት የሚወርድ፣ ገላ ላይ ልጥፍ ያለ ቀሚስ ለበሰች። የተረፈውን በየስፌቱ ውስጥ አጥፋ አስቀረችው። የወንዶቹን ነገር እንተወው፤ ማዳሌናን ያገባት ሰው በጥልፍ ኮት፣ በነጭ ካልሲና በባለ ተረከዝ ጫማ ከሙሽራዋ እኩል ያበራ ነበር አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሁሉም ጥቁር ሱፍ ለባሽ ሆነ። ቲዚያኖ ይህን ሲሰማ ካልሲውን መልሱልኝ ብሎ ተሟግቷል።

የቤቱ ወግ እንዲህ ነው። ሰፍተሽ የተረፈሽን አትከርክሚም፤ ለምትመጣው አራት ጣት በስፌቱ ውስጥ ታስቀሪላታለሽ። ደግሞ ቀሚሱን ልትፈቺ ስትቀመጪ፣ ከመጀመሪያው ክር በፊት፣ ካንቺ ቀድማ የለበሰችውን በስሟ ጠርተሽ ታመሰግኛለሽ። «ክሌሊያ፣ ያቆየሽልን፣ ውለታሽ አይረሳ» ሳይባል ክር አይመዘዝም።

ይህን ወግ ያፈረሰች አንዲት ሴት ብቻ ናት ይባላል፤ እሷም ኦታቪያ። እሷ ስትዳር ጉርድ ከጉልበት በላይ የወጣበት፣ ቄሱም በየእሑዱ ስለ ጉልበት የሚሰብኩበት ጊዜ ነበር። ኤርሲሊያ ጉርዱን አንቁረጠው፣ ወደ ውስጥ እንጠፈው ብለው ቢለምኗትም፣ እንደ ዱቄት ከረጢት ያብጥብኛል አለቻቸው። ኤርሲሊያ በጠመኔ መስመሩን አሰመሩላት እንጂ መቀሱን አልነኩም። ኦታቪያ ቀሚሱንም መቀሱንም ይዛ ፎቅ ወጣች፤ በማግስቱ ጫፉን ቀምቅማ፣ ነጭ ገበር አልብሳ፣ አጭሩን ቀሚስ ይዛ ወረደች። የተቆረጠውስ ቢሏት፣ ምድጃ በላው አለች። ዘሊንዳ የልጃቸውን ሠርግ ፊታቸውን አዙረው ዋሉ። ኤርሲሊያ ከእህታቸው ጋር እስከ መጨረሻው አብረው በሉ፣ አብረው ሳቁ፤ ያን ቀሚስ ግን ዳግም በእጃቸው አልነኩትም፣ ነገሩንም አላነሡም።

ኒቬስ በመጨረሻ ከመስኮቱ ዞር አለችና፣ ቀሚሱን የሚቀበል ሙዚየም እንዳለ ተናገረች። የሙዚየሙ ኃላፊ ሴትዮ በፎቶግራፍ አይታው፣ እንዳለ በመስታወት ውስጥ ይቀመጥ፣ አንቺም መጥተሽ እኛ ዘንድ ሥሪ ብላታለች። ስትናገረው ድምፅዋ ከሌላ ሰው የሚወጣ መሰላት።

ሚሬላ ከሐሩ ተላቃ ወጣች፤ ፀጉሯ ቆሟል። አልተቆጣችም፤ ለኒቬስ የከበዳትም ይሄው ነው።

«አንቺ እማዬን ልታስቀምጫት ነው የምትፈልጊው» አለች። «እኔ ደግሞ ይዣት ቤተ ክርስቲያን ልገባ። ያለን አንድ ቀሚስ ነው።»

«ቢተረተርም እኮ አይበቃሽም። እሷው ቆርጣዋለች፤ ከየት ይመጣል?»

«እንግዲያው ቅምቅማቱን ብቻ ፍቺው» አሉ ኤርሲሊያ። «ለምናልባቱ አራት ጣት ትታ እንደሆነ እንይ። ክር እኮ ነው፤ ካልሆነ ትመልሽዋለሽ።»

ኒቬስ እሺ ያለችው ለመርታት ነበር። ጨርቁ እንደማይበቃ በዓይናቸው ካዩ ክርክሩ ያበቃል፤ እሷም ክፉ ሳትባል ቀሚሱ ይተርፋል። ወንበር ስባ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች፣ ቀሚሱን ገልብጣ ጭኗ ላይ ዘረጋችው። አክስቷ ያመሰግኑ እንደሆነ ቀና ብላ አየቻቸው።

«እኔን አትዪኝ» አሉ ኤርሲሊያ። «የምትፈቺው አንቺ ነሽ። እኔ እሷን የማመሰግንበት ነገር የለኝም።»

«እማዬ፣ ያቆየሽልን...» አለች ኒቬስ፤ የቀረውን ዋጠችው። ምን አቆየችልን ልትል ነው? በትንሿ መቀስ ጫፍ የመጀመሪያውን ክር በጠሰች።

የኦታቪያ ስፌት የዶሮ ዱካ ይመስላል። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ በየስንዝሩ ደግሞ እንዳይፈታ የፈራ ሰው የቋጠረው ቋጠሮ አለ። ኒቬስ ነጩን ገበር ከዳር እስከ ዳር ፈታችው። ከሥሩ ያለው ጉርዱን ለማቆም የገባ ደረቅ ሸራ ይሆናል ብላ ነበር የጠበቀችው፤ ለሙዚየሙም እንደዚያው ብላ ነግራለች። የታያት ግን አረንጓዴ ነው፤ ገና እንዳቆጠቆጠ ቅጠል ያለ አረንጓዴ። ቀሚሱ እሷ ከምታውቀው ጊዜ ጀምሮ የክረምት ሐይቅ ዓይነት ግራጫ ነበር። የሌላ ልብስ እራፊ ይሆን ብላ ወገቡ ዘንድ የቀረውን አንድ ቋጠሮ ቆረጠች።

ያን ጊዜ ሐሩ ተለቀቀ። በራሱ ክብደት ከጭኗ ተንሸራቶ፣ እጥፉን እየዘረጋ ወለሉ ላይ ፈሰሰ፤ የአክስቷንም ነጠላ ጫማ አለበሰው።

 ከማዶ አንዲት መርከብ ስታፏጭ ተሰማ።

ኤርሲሊያ ጎንበስ አሉ። በሚንቀጠቀጠው እጃቸው ጨርቁን ከእግራቸው ላይ አነሡና ጫፉን ፈለጉ፤ በጣታቸው እየዳበሱ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ሄዱ። ጫፉ ላይ ጤፍ የሚያህል፣ የማይታይ ያህል የደቀቀ ስፌት አለ።

«ይሄ የእናቴ ስፌት ነው» አሉ። «የመጨረሻው ጫፍ ነው። አልቆረጠችውም።»

«ምድጃ በላው አላለችም?» አለች ሚሬላ።

«ዋሸችኝ።» ፊታቸው ላይ ያለው ግን ቁጣ አልነበረም። «በሯን ዘግታ እኔ ያልኳትን አደረገች። ያኔ ደፋር መባል ያምር ነበር፤ የቤተሰቡን ሐር ቆረጠች ተብሎ ሲወራላት ደስ ሳይላት አልቀረም። ደግሞ ታላቅ እህቴ ልክ ነበረች ከምትል ምላሷን ብትቆርጥ ይሻላታል።»

ሚሬላ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሠርግ ፎቶግራፍ አወረደችው። አጭሩ ጉርድ እንደ ደወል ከጎንና ከጎን ቆሟል፤ ዘመድ ሁሉ በስኳር ውሃ አድርቃው ነው እያለ ሲስቅበት የኖረው ነው። ኦታቪያ ከባሏ ብብት አትደርስም።

«አባዬን አይታ ነው» አለች ሚሬላ። «ከዚህ ሰውዬ የምወልዳት ልጅ ትረዝማለች ብላ።»

ኒቬስ ማስረጃ የለንም ልትል አፏን ከፈተች። ኦታቪያ እናቷን ፈርታ ይሆናል፤ እልኸኛ ስለሆነች ይሆናል፤ መቀሱን ይዛ ቁጭ ብላ እጇ እምቢ ብሏትም ይሆናል። ማን ያውቃል? ጨርቁ ግን ይኸው ወለሉ ላይ ነው፤ ፀሐይ አይቶት ቀለሙ ሳይለቅ፣ ሐሩ ሳይሰባበር፣ አንድ ጎረምሳ የምታህል ሙሽራ እንደሚያለብስ ሆኖ። የእናቷ ቅርጽ ጠባቡ ትከሻ ብቻ መስሏት ነበር። አፏን መልሳ ዘጋች።

ከዚያም እንደገና ከመጀመሪያው ጀምራ፣ «እማዬ፣ ያቆየሽልን፣ ውለታሽ አይረሳ» አለች። አሁን አንዱንም ቃል አልዋጠችም።

በማግስቱ ወደ ሥራው ገቡ። ኒቬስ ጓንቷን አላጠለቀችም። ከስኮትላንድ ያመጣቻቸው ቀጫጭን መርፌዎች ሻንጣዋ ግርጌ ስለነበሩ፣ እነሱን ስትፈልግ ሻንጣውን ሙሉ በሙሉ አራገፈችው፤ ልብሷንም ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቀለች። ትከሻው ሲተረተር የዘሊንዳ አራት ጣት ተገኘ፤ ጀርባው ላይ የክሌሊያ ትራስ የተጫነበት እጥፋት፣ ወገቡ ላይ የፋውስታ መርፌ ደጋግሞ የበሳው ቀዳዳ አለ። ኤርሲሊያ ከጎኗ ተቀምጠው በአፋቸው ይሰፉ ነበር፤ እዚህ ጋ ሳብ አድርጊ፣ እዚያ ጋ ተይው፣ ሙሽራዋ መተንፈስ ይኖርባታል እያሉ። በመሐል ጨርቁን እንዲሁ ይደባብሱታል። መቀስ የነካው አንገቱን ብቻ ነው፤ የተቆረጠችውን ጨረቃ የመሰለች ቁራጭ ኒቬስ ብብቱ ውስጥ ሰፋቻት።

ሙዚየም ላለችው ሴትዮ ቀሚሱ እንደማይመጣ በስልክ ነገረቻት። ሴትዮዋም፣ ሥራው ግን ክፍት ነው አለቻት። ኒቬስ ከሠርጉ በኋላ መልስ እሰጣለሁ አለች፤ ምን ዓይነት መልስ እንደሆነ ገና አላወቀችም፣ አለማወቋም ለጊዜው አልቆረቆራትም።

የመጨረሻው ንትርክ በቀለሙ ላይ ሆነ። ቀሚሱ ከጉልበት በላይ ግራጫ፣ ከዚያ ወዲያ አረንጓዴ ነው፤ በሁለቱ መካከል የኦታቪያ መርፌ የበሳው ጎርበጥባጣ መስመር ዙሪያውን ይሄዳል። ኒቬስ በጥብጣብ ልሸፍነው አለች። ሚሬላ ግን፣ የእማዬን ስፌት ከሸፈንሽው ባዶዬን ነው የምገባው ብላ አስተወቻት።

በሠርጉ ጠዋት ሚሬላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያሻግራት መርከብ ላይ ልትሳፈር የድንጋዩን ደረጃ ወረደች፤ መርከቡን እኔው ልንዳው ብላ ስትለምን በግድ ነው የከለከሏት። ከሐይቁ የሚመለሰው ብርሃን ከታች መጥቶ በዚያ የቀዳዳ መስመር ውስጥ አለፈና፣ ከጉልበቷ በላይ ዙሪያውን ነጠብጣብ ሆኖ በራ። በነፋሱ ጉርዱ ተነፋ።

«እንደ ከረጢት አላበጠም» አለች ኒቬስ።

ኤርሲሊያ ክንዷን ተደግፈው ቆመዋል። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ የእህታቸውን ስምና የምስጋናውን ቃል ሰማች፤ ሲጨርሱ አፍንጫቸውን ጠረጉና ወደ ቀሚሱ አገጫቸውን ቀሰሩ።

«ስለ ጨርቁ አመሰገንኳት» አሉ። «ስለ ስፌቷ ግን፣ ወደዚያ ስሄድ እንነጋገራለን።»