የሽሮፑ አረፋ

ጠርሙሱ ሲናወጥ ሽሮፑ አረፋ ያወጣል። ሰብለወንጌል ይህን አረፋ ባየች ቁጥር ምራቋን መዋጥ ያቅታታል። የበሰበሰ ቅጠልና የነጭ ሽንኩርት ሽታ አለው፤ ጓንቷን ካወለቀች በኋላ እንኳ ጣቷ ላይ ይቀራል፣ ምሳ ስትጎርስ ከእንጀራው ጋር ይመጣል።

ከስዊድን ከተመለሰች ዓመት አልፏታል። እዚያ ወጣትነቷን የጨረሰችው አንዲት ቀዳዳ ስታጠና ነው። የኮሮና ቫይረስ ከሚሠራቸው ፕሮቲኖች አንዱ፣ አምስት አምስት ሆኖ እየተቃቀፈ የሴል ሽፋን ላይ መተላለፊያ ይከፍታል። መተላለፊያው ሁሉንም እኩል አያሳልፍም፤ ያዳላል። ኤሌክትሪክ ከተሸከሙት የጨው ቅንጣቶች፣ ከአዮኖች መካከል፣ እንደ ፖታሲየም ያሉትን ባለ ፖዘቲቮቹን ይወዳል፣ ባለ ኔጋቲቩን ክሎራይድ ያጉላላል። ይህን ለማወቅ ከቅባት የተሠራ ስስ ሽፋን በሁለት ጨዋማ ውሃዎች መካከል ይዘረጋል፤ አንደኛው ወገን ጨው ይበዛበታል። ከዚያ የአዮኖቹን ጉዞ ለመግታት የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ ይለካል። ማን ሲያልፍ እንደነበር ቁጥሩ ይናገራል። ዜሮ ከሆነ መራጭ የለም፤ ሁሉም እንደፈለገ ይገባል፣ ይወጣል።

አለቃዋ ዶክተር ባሮክ ሰንጋ ተራ ላይ ላብራቶሪውን የከፈቱት ለዚህ የሳል ሽሮፕ ነው። ሽሮፑ ፕሮቲኑ ያለበት ሽፋን ላይ ሲጨመር ቁጥሩ ዜሮ ገባ። "የቫይረሱን በር ገነጠልነው!" ብለው የሰብለን ግራፍ በትልቁ አሳትመው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ለየሠራተኛው ቤተሰብም ጠርሙስ ታደለ። ሰብለም ልቧ እየተጠራጠረ ለአክስቷ ወሰደችላቸው።

ዛሬ ጠዋት ግን አላስችል አላት። ፕሮቲኑ ጨርሶ የሌለበት ባዶ ሽፋን ዘረጋችና ሽሮፑን ጠብ አደረገችበት። ስክሪኑ ላይ የተኛው መስመር ተፈናጠረ። ለካች፤ ዜሮ። ቫይረስ የለ፣ በር የለ። ሽፋኑን የሚበሳው ራሱ ሽሮፑ ነው።

"ዶክተር፣ ውስጡ ምንድን ነው ያለው?"

"እሱማ የቤተሰብ ምስጢር ነው።" ሳቁ።

"ሽፋን ይበጣጥሳል። የሚጠጣው ሰው ሆድም ሽፋን ነው እኮ።"

"አንቺ ፈረንጅ አገር ጥርጣሬ አስለምደውሽ ነው የላኩሽ። ሰዉ እየተሻለው ነው። ያስመልሰዋል፣ በሽታው ይወጣለታል።"

"ማስመለስ መዳን ነው እንዴ?"

"ኮሶ ጠጥቶ ያደገ ሰው ልጅ አይደለሽም?" አሉና ስልካቸውን አነሱ።

ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ልደታ ኮንዶሚኒየም ደርሳ ደረጃውን ስትወጣ ሽታው አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀበላት። አክስቷ እትዬ ወለተሰንበት አልጋው ጫፍ ተቀምጠዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ዓይናቸው ግን ይስቃል። እግራቸው ሥር ሳፋ አለ።

"ወጣልኝ ሰብልዬ! ነይ እይልኝ!"

ሳፋው ውስጥ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ላይ ነጭ አረፋ ተንሳፏል። ሰብለ አፏን በክንዷ ሸፈነች። የአክስቷ ደረት ከበሩ ድረስ ሲያፏጭ ይሰማል።

"የአስም ፓምፕዎስ?"

"ምን ያደርግልኛል? ይሄን ከጀመርኩ ወዲህ ትቼዋለሁ።"

"ይሄ መድኃኒት አይደለም እትዬ።"

"አንቺ አይደለሽ እንዴ ያመጣሽልኝ?"

"ነኝ።"

ስለ አዮን ብታወራ ማን ይሰማታል? ትውከት የነካውን የአክስቷን ነጠላ አነሳችና ንጹሕ ሳህን ላይ አድርጋ ሽሮፑን ገለበጠችበት። አሸችው። አረፋው እስከ አንጓዋ ወጣ። በውሃ ስታለቀልቀው እድፉ የለም፤ ጥለቱ ፏ ብሏል።

እትዬ ወለተሰንበት ነጠላውን ተቀብለው አሸተቱት። አሁን የሽንኩርቱ ሽታ ታጥቦ ለቋል፤ ከሥሩ የነበረው ሌላ ሽታ ቀርቷል። ደግመው አሸተቱ።

"እንዶድ! ጋቢ የማጥብበትን ነው ያጠጣሽኝ?"

"ቅባት ይበትናል። የሰው ሴል ልብሱ ቅባት ነው፤ እሱን ነው የሚበሳው።"

"ወይኔ አንጀቴን!" ትራስ ሥር ዳብሰው ፓምፑን አወጡ፣ ሳቡ፣ ጠበቁ፣ ደግመው ሳቡ። ፉጨቱ ቀስ እያለ ሲቀንስ ሰብለ ግድግዳውን ተደግፋ ተነፈሰች።

ድንገት የአክስቷ እጅ ባለበት ቀረ።

"ሰብልዬ... መይሙና።"

"የታችኛዋ ጎረቤት? ምን ሆነች?"

"ከሽሮፑ ግማሹን ሰጥቻታለሁ፣ ለባሏ። ሁመድ ሲስል ግድግዳው ሲርገበገብ አላስችለኝ ብሎ። የእህቴ ልጅ የመረመረችው ነው አልኳት።"

ሰብለ ደረጃውን እየዘለለች ወረደች። በሩን በሁለት እጇ ደበደበችው።

መይሙና ራሷ ከፈተች። ሻርፗ ትከሻዋ ላይ ወድቋል፣ ሳፋ ታቅፋለች፣ ፊቷ በደስታ ያበራል። ሳፋውን ወደ ሰብለ አፍንጫ አስጠጋችው። ነጩ አረፋ መሃል ቀጭን ቀይ ክር ይዋኛል።

"አልሐምዱሊላህ! ሰብልዬ፣ እጅሽ ይባረክ፤ ወጣለት!"