የዋኔታ ሁለተኛ ድምፅ

ቨርለን ታኬት የፍቅር ዘፈን ሲዘፍን በምሥራቅ ኬንታኪ ተራሮች ላሞች ሳይነኳቸው ይታለቡ ነበር። «ወንዙ ሳይሞላ ነይ» በተባለው ዘፈኑ ቢያንስ አራት ሺህ ጥንዶች ተጋብተዋል። ለፍቺ ፍርድ ቤት ቀርበው፣ ዘፈኑ ከችሎቱ ጸሐፊ ሬዲዮ ሲመጣ ተቃቅፈው የወጡም አሉ፤ ዳኛው ራሱ ችሎቱን በትኖ ወደ ሚስቱ ሮጧል።

ያን ዘፈን ግን ቨርለን አንድም ቀን ለብቻው ዘፍኖት አያውቅም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ሁለተኛው ግጥም ላይ ሲደርስ ከበስተኋላው የሴት ድምፅ ይገባል። ቀጭን፣ ከሱ ድምፅ ከፍ ያለ፣ ጥርስ የሚያሳክክ። ከሱ በቀር የሚሰማው የለም። ዋኔታ ስሎን ናት። ዘፈኑ ሲቀረጽ ሁለተኛውን ድምፅ ያወጣችው እሷ ነበረች። «ስምሽ ከስሜ ጎን ይጻፋል» ብሏት ነበር። ሸክላው ሲወጣ የሱ ስም ብቻ ነበረበት፣ ያውም በወርቅ ቀለም። ዋኔታ የዚያን ዓመት በረዶው ሳይቀልጥ በሳንባ ምች ሞተች፤ በተቀበረች በሳምንቱ መድረክ ላይ መጣች።

ዛሬ የአውራጃው የመኸር ትርዒት ነው፤ ዝግጅቱ ተቀርጾ አዲስ ሸክላ ሊሆን ነው። ቨርለን ጉሮሮው ሳይከዳው አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ዘፈኑን ከሷ ነጻ ሆኖ ሊዘፍነው ምሏል።

«ሃርሊስ፣ ዛሬ ዜማውን ሁለት ቶን ከፍ አድርገን እንጀምራለን» አለው ሠላሳ ዓመት አብሮት የኖረውን ጊታሪስት።

«ሁለት? አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ዕድሜህ ጉሮሮ ከየት ልትዋስ ነው?»

«ዋኔታ እዚያ አትደርስም። በሕይወት ሳለችም ስትሞክረው ድምፅዋ ይሰነጠቅ ነበር።»

ሃርሊስ አልሳቀም። «እሱስ እውነትህን ነው። ሙታን ልምምድ የላቸውም።» ክሩን እየቃኘ፣ «ግን ስሟን ብትጠራስ? ማይክ ላይ፣ አንዴ። አይቀልህም?»

«ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ? ሕዝቡ ሌባ ነው ይለኛል።»

«ታዲያ አይደለህም እንዴ?»

ቨርለን ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ። የእኩለ ቀን ፀሐይ ነው። ከፊት ወንበር ኦርፋ የምትባል ባልቴት፣ «ቨርለን የኔ ማር፣ እንዳታስለቅሰኝ! ኩሌን ገና አሁን ነው የተኳልኩት!» ብላ ጮኸች፤ ሳቁ የበቆሎውን ማሳ አስተኛው።

ሁለት ጣቱን አሳየ፤ ሙዚቀኞቹ ከፍ አድርገው ገቡ። የአንገቱ ሥር እንደ ገመድ ተወጠረ እንጂ ድምፁ ደረሰ። ሁለተኛው ግጥም መጣ። ከኋላው ጸጥ።

የለችም! ደስታው እግሩን ከመድረኩ ሊነቅለው ደረሰ። ከዚያ ግን የገዛ ዘፈኑን ሰማ። ከየስንኙ መጨረሻ ቀድሞ ድምፁን ማቋረጥ፣ ለሷ ቦታ መልቀቅ፣ ሳያውቀው ልማድ ሆኖበት ኖሯል። አሁን እያንዳንዷ ክፍተት አፏን ከፍታ ቀረች። ከኋላ ሰዎች እየተነሡ ፖም ወደሚጠበስበት ድንኳን ሄዱ።

«ዛሬ ምን ነካው?» አለቻት ኦርፋ አጠገቧ የተቀመጠችውን። «ዘፈኑ ግማሽ ሆነብኝ እኮ።»

የዋኔታን ድምፅ ይሰሙ ነበር ማለት ነው። መስማታቸውን ሳያውቁ ሃያ ስድስት ዓመት ሲሰሙ ኖረዋል።

ቨርለን ደንግጦ በጣቱ ወደ መሬት ጠቆመ፤ ሃርሊስ ወደ ድሮው ቶን መለሰው። ጠበቀ። አልመጣችም። ስሟን ሊጠራ አፉን ከፈተ፤ የወርቁን ቀለም፣ የሚቀርጸውን መሣሪያ አሰበና ዘጋው። በምትኩ ከማይኩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ አንድ እርምጃ ወደ ግራ፣ ድምፅዋ ሁልጊዜ ወደሚመጣበት ቦታ ሄደ፤ የሷን ድምፅ ራሱ አወጣው። ቀጭን፣ ከፍ ያለ፣ ጉሮሮ የሚቀድ። ዋናው ዜማ ባለቤት አጣ።

ያኔ ዋናው ዜማ ገባ።

ከማይኩ ነው የመጣው። የወንድ ድምፅ፤ የሠላሳ ሁለት ዓመት ወንድ፣ ሲጋራ ያልነካው። የራሱ ድምፅ ነው፤ ዘፈኑ መጀመሪያ ሲቀረጽ የነበረው። የተነሡት ተመልሰው ተቀመጡ። የኦርፋ ኩል በጉንጯ ወረደ። ሦስት ሺህ ፊት ባዶውን ማይክ አንጋጦ ያያል፤ ወደሱ የዞረ አንድም የለም። ሃርሊስ እንኳ አንገቱን ወደዚያው አዘንብሎ ይጫወታል። ቨርለን «እዚህ ነኝ!» ሊል ፈለገ፤ አፉ ግን የዋኔታን ዜማ ይዟል። ሁለተኛ ድምፅ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀድሞ አያቆምም፤ ይህን በነዚያ ተራሮች ሕፃን ያውቀዋል።

ዘፈኑ አለቀ። ጭብጨባው ተራራውን ፈነቀለው። «አመሰግናለሁ» አለ ከማይኩ ያ ወጣት ድምፅ፣ «ቨርለን ታኬት ነኝ።»

ቨርለን ከኋላ ቆሞ ቀጥሎ የሚጠራውን ስም ጠበቀ። ድምፁ ግን ሌላ ምንም ሳይጨምር ሁለተኛውን ዘፈን ጀመረ።