አንድ ማንኪያ፣ በሞቴ

ቃሉ ከአፏ ያመለጣት ማክሰኞ ቀን፣ በምሳ ሰዓት ነበር።

መምህርቷ ለአራት ዓመት ልጅ በተሠራች ወንበር ላይ፣ ጉልበቶቿ አገጯን ሊነኩ ጥቂት ሲቀራቸው ተቀምጣ ድንቢጥን ታባብላለች። ድንቢጥ ያለቻት እሷው ናት፤ ልጅቷ ቀጭን ናት፣ ምግብ ሲቀርብላት እንደ ወፍ ለቀም ለቀም አድርጋ ትተዋለች። ሾርባው ቀዝቅዟል። ሌሎቹ ልጆች ሳህናቸውን መልሰው ለእንቅልፍ ጫማ እያወለቁ ነው። መምህርቷ በአገሩ ቋንቋ የምታውቀውን ማባበያ ሁሉ አሟጠጠችና፣ ሳታስበው በራሷ ቋንቋ፣ «አንድ ማንኪያ፣ በሞቴ!» አለቻት።

ልጅቷ ቀና አለች። «በሞቴ ምንድን ነው?»

እዚያ ላይ ዝም ብትል ኖሮ ነገሩ በቀረ ነበር። ግን መምህር ናት፤ ልጅ ሲጠይቃት መመለስ ልማዷ ነው። በአራት ዓመት የለቃቀመችው ቋንቋ ደግሞ ለገበያና ለሥራ እንጂ ለእንዲህ ያለው አይበቃም። «ካልበላሽልኝ እሞታለሁ ማለት ነው» አለችና ሳቀች።

ድንቢጥ አልሳቀችም። ማንኪያዋን አንስታ ሳህኑን ጠረገችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ የቀረበላትን ሁሉ ትበላ ጀመር። ምግብ አብሳይዋ ባዶውን ሳህን እያየች፣ «ምን አቅምሰሻት ነው?» ትላለች። መምህርቷም ደስ ብሏት ለወላጆች በሚላከው ማስታወሻ ላይ «አመጋገቧ ተሻሽሏል» ብላ ጻፈች። ልጅቷ ከእያንዳንዱ ማንኪያ በኋላ ቀና ብላ የመምህርቷን ደረት የምታየው፣ መተንፈሷን ለማረጋገጥ መሆኑን ግን አላወቀችም።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት፣ ድንቢጥን ሆዷን አመማት። ሳህኑን ሳታጋምስ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«አልቻልኩም፣ ቲቸር።»

«ይቅር የኔ እናት፣ ተይው።»

«አትሞቺም?»

መምህርቷ ለመመለስ አፏን ስትከፍት በሩ ተንኳኳ። ዳይሬክተሯ አሁኑኑ ትፈልግሻለች ተባለች። በኮሪደሩ ላይ የድንቢጥ እናት ልጇን ልትወስድ ወደ ክፍሉ ስትመጣ ተገናኙ። ሰላም አለቻት፤ ሴትዮዋ ሳትመልስላት አለፈች።

ዳይሬክተሯ ዘወትር ክፍት የምትተወውን የቢሮዋን በር ዘጋችና የእናትየውን ደብዳቤ አነበበችላት። ልጅቷ ቤቷ ሳይቀር እስኪያስመልሳት ትበላለች። ከእንቅልፏ እየባነነች «ቲቸር አለች?» ትላለች። መምህርቷ ልጄን በሞት አስፈራርታታለች፣ ይላል።

«ብለሻል ወይስ አላልሽም?»

«ብያለሁ። ግን እኛ ጋ… የፍቅር ቃል ነው።»

«የፍቅር ቃል?» ዳይሬክተሯ መነጽሯን አወለቀች። ክፉ ሴት አይደለችም። «እስኪጣራ ድረስ ከነገ ጀምሮ እንዳትገቢ። ከልጅቷም ሆነ ከእናቷ ጋር እንዳትነጋገሪ። ከተነጋገርሽ እኔም አላድንሽም።»

የመኖሪያ ፈቃዷ የተንጠለጠለው በዚህ ሥራ ላይ ነው። የሚታደሰው ደግሞ ከሦስት ሳምንት በኋላ። «እሺ» አለችና አንገቷን ደፍታ ወጣች።

ማታ አውቶቡስ ውስጥ ብረቱን ጨብጣ እንደቆመች ነገሩ ገባት። ድንቢጥ ዛሬ ሳህኗን አልጨረሰችም። ነገ ጠዋት ደግሞ ቲቸር የለችም።

የሚቀጥለው ፌርማታ ላይ ወርዳ ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ደወለች፤ ቢሮው ተዘግቷል።

እቤት ስትደርስ ታናሽ እህቷ ሆስፒታል ወለል ስትወለውል ውላ ገብታ፣ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ አገኘቻት። ሁሉንም ነገረቻት።

«እታለም፣ ሰው አገር ነን እኮ። አትምጪ ካሉሽ አትሂጂያ! ጎመን በጤና።»

«የሞትኩ ይመስላታል።»

«ይምሰላታ! ስትመለሺ እንደ አልዓዛር ተነሳች ትላለች።»

«አትቀልጂ።»

«እሺ፣ አልቀልድም። እኔ ያለሁት በአንቺ ወረቀት ነው። ፈቃዱ ካልታደሰ ጓዛችንን የምንጠቀልለው ሁለታችንም ነን።» እህቷ ፎጣውን አነሳች። «ደግሞ የአራት ዓመት ልጅ ናት፤ ትረሳዋለች።»

«አትረሳውም።»

«በምን አወቅሽ?»

ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ባሏ ጉርሻ ጠቅልሎ፣ «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» እያለ እጁን ዘርግቶላት ነበር። ረፍዶባታል። ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች «ማታ» ብላው ወጣች። ስድስት ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለላት። የገደለው ልቡ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ሐኪሞቹ ያሉትን ቀን ቀን ታምናለች። ስለ ጉርሻዋ ግን ለእህቷም ተንፍሳ አታውቅም።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከመዋዕለ ሕፃናቱ አጥር ውጭ ቆመች። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከበሩ በላይ ያለው ካሜራ ቁልቁል ያያታል። አትግቢ፣ አትነጋገሪ ተባለች እንጂ አትታዪ አልተባለችም፤ መንገዱን ሙሉ ስትደግመው የመጣችው ይህንን ነው። አንዲት ባልደረባዋ አይታት እንዳላየች ሆና ገባች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። መመለስ አማራት፤ እግሯ ግን እንቢ አላት።

ድንቢጥ በእናቷ እጅ ተይዛ፣ መሬት መሬት እያየች መጣች። መጀመሪያ ያየቻት እናትየዋ ናት፤ ቆም ብላ ልጇን ወደ ራሷ ሳበች። ልጅቷ ቀና አለች።

መምህርቷ አልተናገረችም። አየር በረጅሙ ስባ አስወጣች። ትንፋሿ በብርዱ ውስጥ ነጭ ጉም ሆኖ ወጣ።

«እማ፣ ትተነፍሳለች!» ልጅቷ ከእናቷ እጅ አምልጣ መጣች። ኪሷ ውስጥ ግማሽ ዳቦ አለ። «ቁርሴን ሁለቴ በላሁልሽ። ለዚያ ነው የተነሳሽው?»

ይህን ሰምቶ ዝም ማለት አይቻልም። ፈቃዱም፣ እህቷም፣ ካሜራውም በዓይኗ ላይ ዞሩ።

«አይደለም» አለች ተንበርክካ። «ብትበዪም አለሁ፣ ባትበዪም አለሁ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ዳቦውን ለወፎቹ ጣዪላቸው።»

«ብጥለውስ?»

«ጣዪውና እዪኝ።»

ልጅቷ ዓይኗን ከመምህርቷ አፍ ሳትነቅል ዳቦውን ወረወረችው። ጉሙ ወጣ። «አንድ» አለች ድንቢጥ። ሁለተኛው ወጣ። «ሁለት።» እስከ አሥር መቁጠር ያስተማረቻት እሷው ናት። መምህርቷ ከጀርባዋ የቁልፍ ድምፅ ሰማች፤ ዳይሬክተሯ ከግቢው ወጥታ ቆማለች። ዘወር ለማለት አልደፈረችም። «ሰባት።» ትንፋሽ ለመሳብ እንዲህ ፈርታ አታውቅም፤ የሚቀጥለው እንቢ ቢላትስ? «ስምንት።» እናትየዋ እጇን አፏ ላይ ጭና ትሰማለች። «ዘጠኝ።»

«አሥር» አለች ድንቢጥ፤ ከዚያም እዚያው ጥላቸው ወደ ግቢው መጫወቻ አሸዋ ሮጠች።

እናትየዋ ወደ ዳይሬክተሯ ዞረች። «ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ እሷ ትኑር» አለች።

ዳይሬክተሯ በሩን ገፋ አድርጋ ለመምህርቷ ያዘችላት። «የደብዳቤው ጉዳይ ግን ገና አልተዘጋም» አለቻት።

መምህርቷ ራሷን ነቀነቀች። ወዲያው ግን አልገባችም፤ አጥሩን ይዛ አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰች።