የአልማዝ ልክ

አሻግሬ ልብስ ሰፊ ነውና ሞቱንም በሜትር ለካ። ዓረብ አገር፣ ፉጣ የሚባል ሰፈር ባለችው ጠባብ ሱቁ ጓዳ ሸሚዙን ገልቦ፣ ግራ ጎኑ ላይ ውሃ ቋጥሮ የወጣውን ሽፍታ ሲለካ ሚስቱ ጸደንያ ደረሰችበት። የልብስ ሰፊ ሚስት ሆና ከገበያ የተገዛ ቀሚስ ነው የለበሰችው። አሥራ ሁለት ዓመት «አንድ ስፋልኝ» ብትለው፣ መልሱ «ነገ፣ ኢንሻአላህ» ነው።

«ምን ጉድ ነው?»

«አልማዝ ባለጭራ» አለ ድምፁ ሰልሎ። «ትናንት አሥራ ስምንት ሳንቲ ሜትር፣ ዛሬ ሃያ ሰባት። በዚህ አካሄዷ ቅዳሜ ወገቤን ዞራ ትገጥማለች። ከገጠመች ኸላስ፣ አለቀልኝ።»

«እሰይ! እኔ ዑለያ ሰፈር የክሊኒክ ወለል ስወለውል አንተ እዚህ ከአልማዝ ጋር! ለመሆኑ ቆንጆ ናት?»

«አትቀልጂ ሴትዮ፣ እንደ እሳት እያቃጠለችኝ ነው!»

ቀለደች እንጂ ሆዷስ ፈርቷል። መድኃኒቱ በደንብ የሚሠራው ሽፍታው በወጣ በሦስት ቀን ውስጥ ሲጀመር መሆኑን ክሊኒኩን ስታጸዳ ስንቴ ሰምታለች። ከዘገየ ቁስሉ ድኖም ሕመሙ ለወራት አልለቅ ሊል ይችላል። ይኼ ሰውዬ ደግሞ ሁለቱን ቀን በሜትር ጨረሳቸው!

«ያላ፣ ተነስ!» ብላ እየጎተተች ክሊኒኩ ወሰደችው።

ሱዳናዊው ሐኪም አየት አድርጎ፣ «ልጅ ሳለህ ጉድፍ ወጥቶብህ ነበር?» አለው።

«አዎ።»

«እሱው ነው። ነርቭህ ውስጥ አድፍጦ ኖሮ ዕድሜህ ገፋ ሲል ተነሳብህ። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ነው የሚወጣው፤ ከዚህ አያልፍም» ብሎ ጣቱን አከርካሪው ላይ አሳረፈ።

አሻግሬ ፊቱ በራ። «የኋላ ስፌቱ ላይ ይቆማላ! እንዲህ አትሉኝም?»

ሐኪሙ የሰባት ቀን ክኒን አዘዘለት። ቁስሉን እንዲሸፍን፣ እንዳያክክ፣ እስኪደርቅም ከእርጉዝና ከሕፃን እንዲርቅ ነገረው። ሲድን ክትባቱን እንዲወስድ መክሮ፣ «ሃምሳ የሞላው ሁሉ ቢከተብ ጥሩ ነው» እያለ ወደ ጸደንያ ዞረ። ሦስት ዓመት ሙሉ አርባ ስምንት ላይ የቆመችው ጸደንያ አቀርቅራ፣ «እኔም... እከተባለሁ» አለች። አሻግሬ ጎኑን እያመመው ሳቀ።

የመጀመሪያውን ክኒን ውጦ ሱቁን ሊዘጉ ተመለሱ። ጸደንያ የስፌት መኪናውን ልትሸፍን ስትል ከሥሩ የታጠፈ አረንጓዴ ቀሚስ አገኘች። ደረቱ በጥልፍ ተሞልቷል፤ የቀረው የታች ጠርዙ ብቻ ነው።

«የማን ነው?»

አሻግሬ አንገቱን ደፋ። «ያንቺ ነው። ቅዳሜ ሳይደርስ ልጨርሰው ብዬ...»

እንባዋ ቀደማት።

«አሁንማ ጊዜ አለኝ» አለ አሻግሬ፣ «ጠርዙን ለበዓል...»

«ዋ! ዛሬ ካልጨረስክልኝ አልማዝ ሳትሆን እኔ ነኝ የምገድልህ!»

አሻግሬ ሜትሩን አንስቶ እግሯ ሥር ተንበረከከ። «ቀጥ ብለሽ ቁሚ እንግዲህ» አላት፤ «እየተንሰቀሰቅሽ ልኩን አታበላሺብኝ።»