አራት ማዕዘን ያላት ወፍ

አታሚዋ እንጨት ላይ ሥዕል ትቀርጻለች፤ የተቀረጸውን ሰሌዳ ቀለም ቀብታ፣ ወረቀት አልብሳ፣ በማንኪያ ጀርባ እያሸች ታትማለች። ከቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረ ሲባጎ ላይ፣ እርጥብ ወረቀቶች በልብስ መቆንጠጫ ተይዘው ይውላሉ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ክፍሉ ይለሰልሳል። ወረቀቶቹ ነፋስ ሳይኖር ይወዛወዛሉ፤ የቀለሙ ሽታም እንቅልፍ ይጠራል።

በመስኮቱ ሥር አማቷ ይቀመጣሉ። አርባ ዓመት ሂሳብ ያስተማሩ ሴት ናቸው፤ ተማሪው ሁሉ በሌሉበት «ወይዘሮ ማስመሪያ» ነበር የሚላቸው። ልጃቸው ሲያገባ «ማህተም የምትመታ ሴት አመጣልኝ» አሉ አሉ፤ ቃሉም ዞሮ ዞሮ ሙሽሪት ጆሮ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ አማትና ምራት በአክብሮት ተራርቀው ኖሩ። ሰላምታው ሞልቶ ተርፎ፣ ጨዋታ ግን ጠብ የሚል የለም።

ከዓመት በፊት አሮጊቷ በድንገት ታመው ቀኝ ጎናቸውም አንደበታቸውም ተያዘ። ልጃቸው የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ቤት የሚገኘው በሳምንት አንድ ቀን ነው። ስለሆነም በምራታቸው እጅ ወደቁ። ከዚያ ሁሉ ንግግር የተረፈቻቸው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ «ስለዚህ»። ሲጠማቸው «ስለዚህ»፣ ሲያማቸው «ስለዚህ»፣ ሾርባው ጨው ሲበዛበት ደግሞ ቅንድብ ታክሎበት «ስለዚህ!»

በዚያ ሰሞን አታሚዋ ሊከፈት ከተቃረበ አንድ የእናቶች ክሊኒክ ሥራ መጣላት። የክሊኒኩ ኃላፊ፣ ቸኮል ያለች ሐኪም፣ ተራ የሚጠበቅበትን ክፍል ግድግዳ አሳየቻት።

«ይሄን ሁሉ ወፍ አድርጊልኝ። በወፍና በወፍ መሀል ግን ባዶ እንዳይኖር። ባዶ ግድግዳ ላይ ያፈጠጠ ሰው ሐሳብ ነው የሚይዘው።»

«ምን ችግር አለው!» አለች አታሚዋ። አፍ ዳገት አይፈራም።

አንዷን ወፍ ስላ ሌላዋን ስታስጠጋት፣ በክንፍና በጭራ መሀል ክፍተት ይቀራል። ክፍተቱን በትንሽ ወፍ ስትሞላው፣ ትንሿ ደግሞ ሌላ ክፍተት ትወልዳለች። ሦስት ሳምንት እንዲሁ አለቀ። ቀትር ላይ ጠረጴዛው ላይ ሸለብ ሲያደርጋት ወፎቹ ይመጡላታል፤ የአንዷ ሆድ የሌላዋ ጀርባ ሆኖ፣ ሰማዩ ራሱ ክንፍ አብቅሎ፣ አንድም ሳይተርፍ ይገጥማሉ። «አዎ፣ እንደዚህ ነው!» ትላለች በሕልሟ። ስትነቃ ጉንጯ ላይ ከተለጠፈው ቀለም በቀር የያዘችው ነገር የለም።

አንድ ቀን ምርር ብሏት የተበላሹትን ወረቀቶች ደራረበችና በቢላዋ አራት ጊዜ ሸረከተቻቸው። ከመሀል የወጡት ቁራጮች ወለሉ ላይ ተበተኑ። ሁሉም ባለ አራት ጎን፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም አንዱ ጎን ከሌላው የማይተካከል ጠማማ ነበሩ። አሮጊቷ ጎንበስ ብለው በግራ እጃቸው ጥቂቱን ለቀሙና ጭናቸው ላይ ባለው ትሪ ላይ ደረደሩ።

«ስለዚህ» አሉ።

ምራታቸው ውሃ አመጣች። ብርጭቆውን ገፉት። ትራስ አመጣች። ትራሱን ወረወሩት።

«ኧረ በፈጠረዎት፣ እማማ! ምን ላድርግልዎት? እኔ የሰው ልብ ውስጥ ገብቼ አላይ!» በትዳር ዘመኗ ሁሉ እሳቸው ላይ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

አሮጊቷ አልተቆጡም። ትሪውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። ያኔ አየችው። አንዱ ቁራጭ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ ጎረቤቱ በግማሽ ዙር ዞሮ ተዘቅዝቋል፤ ጠማማው ከጠማማው ጋር ፀጉር የማያሾልክ ሆኖ ገጥሟል።

ወለሉ ላይ ዘፍ አለችና የቀሩትን መደርደር ጀመረች። አንዱ ቀጥ፣ አንዱ ዝቅዝቅ። ቅርጹ ያለ ክፍተት እየሰፋ ከጠረጴዛው እግር ደረሰ። አሮጊቷ እርሳስ ጠቆሙና ተቀብለው፣ በግራ እጃቸው፣ የአንዱን ቁራጭ አራት ማዕዘኖች ለየብቻ ምልክት አደረጉባቸው፤ ነጥብ፣ ጭረት፣ ክብ፣ መስቀል። ምራታቸው በቀሩት ላይ ያንኑ ደገመች።

«ቆይ ቆይ... በሁሉም መገናኛ ላይ አራቱም አሉ፤ ነጥቡም ጭረቱም ክቡም መስቀሉም። ሲደመሩ ሙሉ ዙር ይሆናሉ ማለት ነው? ሦስት መቶ ስልሳ?»

አሮጊቷ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቅርጹ የፈለገውን ያህል ቢጣመምም?»

«ስለዚህ» አሉ አማቷ። ድምፃቸው ጠመኔ ይዞ ሰሌዳ ፊት የቆመ ሰው ድምፅ ነበር።

በማግስቱ ወደ ወፏ ገቡ። አሮጊቷ በእያንዳንዱ ጎን እኩሌታ ላይ ነጥብ ያደርጋሉ። ከነጥቡ ወዲህ ከጎኑ የተጎረደው ቁራጭ፣ ነጥቡን ተደግፎ በግማሽ ዙር ይዞርና ከነጥቡ ወዲያ ይቀጠላል። ከአንገቱ የወጣው ምንቃር ሆነ፤ ከሆዱ የወጣው ጭራ ሆነ። ሲሳሳቱ ይስቃሉ፤ አንዷ ወፍ አህያ ሆና ብትወጣ አሮጊቷ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ቅዳሜ ሾፌሩ ሲገባ እናቱን ፍራሽ ላይ፣ ሚስቱን በእንብርክኳ አገኛቸውና ቦርሳውን ጣለ።

«ምን ሆናችሁ? ወደቃችሁ እንዴ?»

«አትርገጥ!» አለች ሚስቱ ቀና ሳትል። «ወፍ ላይ ቆመሃል።»

«አሥራ ሁለት ዓመት ላስታርቃችሁ ስደክም፣ ለካ በቁራጭ ወረቀት ኖሯል የምትታረቁት?»

«ማን ተጣላና!» አለችው። እናቱም በግራ እጃቸው ወደ በሩ ሸኙት።

የተቀረጸችው ሰሌዳ አንዲት ብቻ ናት፤ ሌላ አላስፈለገም። ቀጥ ያሉት ወፎች በሰማያዊ፣ የዞሩት በሸክላ ቀለም ታተሙ። ሁለቱ ቀለሞች ጎን ለጎን እንጂ አንዱ ከራሱ ጋር በጎን የሚዋሰንበት ቦታ አልነበረም። የመጨረሻው ወረቀት ሲደርቅ አታሚዋ ኅዳጉ ላይ ፈረመችና እርሳሱን ለአማቷ ሰጠች። አሮጊቷ እርሳሱን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ምላሳቸውን ነክሰው፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ፈጅተው ፈረሙ።

ክሊኒኩ ሲከፈት ተያይዘው ሄዱ። ተሽከርካሪ ወንበሩን ከአግዳሚው ዳር አስጠጋችና አጠገባቸው ተቀመጠች። ጠዋት ነው፤ ሴቶቹ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ወፎቹ ከወለል እስከ ጣሪያ ይሄዳሉ፤ ሰማያዊዎቹን ያየ ሸክላዎቹ ሰማይ ይሆኑበታል፣ ሸክላዎቹን ያየ ሰማያዊዎቹ።

ወሯ የገባ አንዲት ሴት ግድግዳውን ብዙ ቆይታ አየችና ወደ አታሚዋ ዞረች። «እህቴ፣ ከየትኛዋ ነው የሚጀምረው?»

አታሚዋ ልትመልስ አፏን ከፈተች። የመጀመሪያዋን ወፍ በገዛ እጇ ነበር የለጠፈችው። አሁን ግን ብትፈልግ ብትፈልግ አጣቻት።

«እኔ እንጃ» አለች።

«እንግዲያው ከዚህች ይሁን» አለች ሴትዮዋ። ትከሻዋ አጠገብ ባለችው ወፍ ላይ ጣቷን አሳረፈችና ስሟ እስኪጠራ ድረስ አላነሳችም።