ሁለቱም ቁልፎች

ሳሌም በአንድ ትልቅ ባንክ ስምንት ዓመት ለፍታ የደረሰችው «ከፍተኛ ኦፊሰር» ላይ ነው። ስሙ ያምራል። ከዚያ «ከፍተኛ» በላይ አራት እርከን መኖሩን ግን የሚያውቀው የባንክ ሰው ብቻ ነው። እናቷ ወይዘሮ ታየች ማዕረጉን ለጎረቤት ማስረዳት ሰልችቷቸው፣ «ማናጀር የምትሆኚው መቼ ነው?» ባሏት ቁጥር አንጀቷ ያርር ነበር።

ስለዚህ አዲሱ ገበያ አጠገብ ያለ አንድ ትንሽ አበዳሪ ድርጅት «የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ» አድርጎ ሊቀጥራት ሲጠራት ዓይኗን አላሸችም። ዊንጌት ጋ ታክሲ ሲጠብቁ ለሥራ ባልደረባዋ ለኤርሚያስ ነገረችው።

«እኛ ጋ ማናጀር እስኪሆን ሰው ይሸብታል» አላት። «እዚያ በር ላይ ነው የሚታደለው። የእነሱ ማናጀር እኛ ጋ ሲመጣ ተራ ኦፊሰር ነው። ነገር ሲመጣ ግን የሚጠየቀው እንደ ማናጀር ነው።»

«ቀናህ እንዴ?»

«ልቅና፣ በቃ። አንድ ነገር ብቻ ስሚኝ። የካዝና ቁልፍ ሁለት ሰው እጅ ነው የሚቀመጠው። ሁለቱንም ላንቺ ከሰጡሽ ለጎደለው የምትጠየቂው ብቻሽን ነሽ፤ ቦርሳሽን አንሺና ውጪ።»

እሷ ቤት እስክትደርስ ወይዘሮ ታየች ወሬውን ሰፈሩን አዳርሰውታል፤ ለቅሶ ቤት እንኳ አልቀራቸውም።

አዲሱ ቢሮ ውስጥ ሁሉም ማናጀር ነበር። የብድር ማናጀር አለ፣ የደንበኞች ማናጀር አለች፤ ሹፌሩ ሳይቀር የትራንስፖርት ማናጀር ነው። የጠፋው ከሳሌም በፊት የነበረው ሥራ አስኪያጅ ብቻ ነው። ለርክክብ አልመጣም። ሹራቡ ወንበሩ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ መነጽሩም መሳቢያው ውስጥ ነበር። የብድር ማናጀሩ «ታሟል» አላት፤ የደንበኞች ማናጀሯ ደግሞ «አገር ቤት ሄዷል» አለቻት። ሳሌም ሹራቡን አንስታ የት እንደምታስቀምጠው ጨነቃት።

ከሰዓት በኋላ የድርጅቱ ባለቤት መጥቶ ሁለት የካዝና ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«አንደኛውን ገንዘብ ያዡ አይይዘውም?» አለች ሳሌም።

«እዚያ ኦፊሰር ነበርሽ» አለ ሰውየው ፈገግ ብሎ። «ማናጀር ግማሽ ቁልፍ አይዝም። ደግሞ ካዝናው ለጊዜው አያስፈልግሽም።»

ቦርሳዋን ማንሳት ያኔ ነበር! ግን እናቷ ትዝ አሏት። ነገ ሰፈር ምን ይባላል? በአንድ ቀን ተባረረች ሊባል ነው። አፈረችና ቁልፎቹን ወሰደች።

በሦስተኛው ቀን የባለቤቱ ስልክ ዝግ ሆነ። ሳሌም ካዝናውን ከፈተችው። ባዶ ነው። አንዲት ብጣሽ ወረቀት እንኳ የለበትም፤ ተጠርጎ የተወለወለ ነው የሚመስለው። የኤርሚያስ ነገር አሁን ገባት፤ ግን ምን ዋጋ አለው? ዘግታው፣ ቁልፎቹን እንደጨበጠች ልትወጣ ወደ አዳራሹ ስትሮጥ በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶችና አንድ መርማሪ ቆመዋል።

«የዚህ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ማን ነው?» አለ መርማሪው።

አዳራሹ ውስጥ ማዕረጉ ሁሉ ይረግፍ ጀመር።

«እኔ ወረቀት አመላላሽ ነኝ» አለ የብድር ማናጀሩ።

«እኔ ገና ሙከራ ላይ ነኝ» አለች የደንበኞች ማናጀሯ።

ሹፌሩም ሹፌር ብቻ ሆነ። ሳሌምን ግን ማንም አልጠቆመም፤ መርማሪውም በዓይኑ አልፏት ወደ ውስጠኛው ቢሮ አመራ፤ ፖሊሶቹም በሩን ለቀው ተከተሉት። በሩ ሁለት እርምጃ ነው። አንዱን ተራመደች።

ያን ጊዜ ወይዘሮ ታየች ከእንጦጦ ማርያም ሲመለሱ ጎረቤታቸውን የሺሀረግን አስከትለው፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ገቡ። የልጃቸውን ቢሮ ሊያሳዩ ነው የመጡት። የመርማሪውን ጥያቄ ከደጅ ሆነው ሰምተውታል።

«ሥራ አስኪያጇን ነው የምትፈልጉት?» አሉ፣ ፊታቸው በደስታ በርቶ። «ልጄ ናት እኮ! ይቻትና! ቁልፉም በእጇ ነው!»