የጡሩምባ አዳር

ጠዋቱ እንደ ሌላው ጠዋት ነበር። ውሃ ጣድኩ፤ ለአማቴ የደም ግፊት ክኒናቸውን ከነውሃው አቀረብኩ፤ ማታ ያጠብኩትን ሸሚዝ ተኮስኩ። ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ፤ የሰው ስህተት ስለቅም ውዬ እገባለሁ። ቡችላው ሳሎን ውስጥ የአማቴን ነጠላ ጫማ አቅፎ ለጥ ብሏል።

«አሁን ነው የሚተኛው!» አልኩ።

«ምን ያድርግ ልጄ፣ የሌሊት ፈረቃ ነው የሚሠራው» አሉ አማቴ፤ ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ።

ልጃቸው፣ ባለቤቴ፣ ከሞተ ወዲህ ሳቃቸውን የሰማሁት ይህ ቡችላ ከመጣ በኋላ ነው። ያመጣው ዋርሳዬ፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። አናጺ ነው፤ ከጣውላ ክምር ሥር አግኝቶት በኮቱ ኪስ ይዞት መጣ። ቀን ቀን ከቡችላው የበለጠ ጨዋ የለም። ማታ እኔ ክፍሌ ገብቼ በሬን ስዘጋ ግን ደፉ ላይ ይቀመጥና አንገቱን ሽቅብ ዘርግቶ ጩኸቱን ይለቀዋል። አማቴ ሳሎን ነው የሚተኙት፤ ጆሯቸው ስለከበደ አይሰሙትም። ቢሆንም ስም ያወጡለት እሳቸው ናቸው፦ ጡሩምባ።

እኔ እሰማዋለሁ። ይለምደዋል እያልኩ አልከፍትም። በሬን ዘግቼ መተኛት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ለምን ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ሸሚዙን ሳልጨርስ በሩ ተንኳኳ። ከበታቻችን ያለው ፎቅ ላይ የሚኖረው የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ዓይኑ በርበሬ መስሏል።

«እማማ፣ ትናንት ፌርማታ ላይ እንደቆምኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። የቀሰቀሱኝ ተሳፋሪዎች ናቸው።»

«ደግ ሰዎች ናቸው» አሉ አማቴ።

«ደግስ ነበሩ፤ አንዷ ብርድ ልብስ ላምጣልህ ወይ አለችኝ። እማማ፣ ክፉ ሰው አይደለሁም፤ ግን ለአከራይዋ ነግሬያለሁ። ዛሬ ማታ ከጮኸ ነገ ይወጣል ብላለች።»

ሹፌሩ ሄደ። አማቴ ዝም አሉ። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ሁለት ዓመት አብሮን ኖሯል።

ከሥራ ስመለስ ዋርሳዬ የመኝታ ክፍሌ በር ሥር ተንበርክኮ አገኘሁት። አፉ በምስማር ተሞልቷል፤ አጠገቡ የተቀደደ የስፖንጅ ፍራሽ ተዘርግቷል።

«እታለም፣ ነገሩ ገብቶኛል» አለ ምስማሮቹን እየተፋ። «ሽታሽ በበሩ ስንጥቅ እየወጣ ነው የሚያስለቅሰው። ያልሸተተውን አይናፍቅም። ስንጥቁን ደፍኜልሻለሁ!»

ለዋርሳዬ የዓለም ችግር ሁሉ ስንጥቅ ነው። የበሩን ጠርዝ ከላይ እስከ ታች ስፖንጅ አልብሶታል፤ በሩ ክረምት የመጣበት ሰው መስሏል።

«ይሄ ይዘጋል?»

«ግቢና እዪው!»

እራት በልተን ገባሁ። በሩ ወደ ሳሎኑ ነው የሚከፈተው፤ ዋርሳዬ ከውጭ በትከሻው ገፋው። አንዴ ገፋ፣ ነጠረ። ሁለተኛ ከአማቴ ጋር ገፉት። መቃኑ ውስጥ ጥርቅም አለ።

ወዲያው ጡሩምባ ጀመረ። እንዲህ ያለውን ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

«ልክፈትለት» ብዬ እጀታውን ይዤ ገፋሁ። ንቅንቅ የለም። ዋርሳዬ በዚያ በኩል ሳበ፤ እጀታው ተነቅሎ በእጁ ቀረ፤ እሱም በጀርባው ሲወድቅ ወለሉ ተንቀጠቀጠ።

«ይሄ ነው ባለሙያ!» አሉ አማቴ።

«እማዬ፣ ሥራው ጠንክሮ ነው እኮ!»

«መውጫ የሌለው ቤት ነው የሠራህላት? ሬሳ ሳጥን እንኳ ይከፈታል!»

ይህን ብለው በራሳቸው ቀልድ ፈነዱ። እኔ ውስጥ ሆኜ በግንባሬ ስፖንጁን ተደግፌያለሁ። ቡችላው ይጮሃል፣ አማቴ ይስቃሉ፣ ዋርሳዬ ካቻቪቴ ይፈልጋል። በዚህ መሃል ሹፌሩ ጋቢውን ለብሶ ደረሰ።

«ይኸው! አላልኩም?»

«ወንድሜ፣ ከመጣህ አይቀር ባትሪውን ያዝልኝ» አለው ዋርሳዬ። ሹፌሩ ባትሪውን ያዘ። አለፍ ብሎም «ወደ ግራ! አይደለም፣ ወደ ግራ!» እያለ እንደ ረዳት ማዘዝ ጀመረ። ማጠፊያዎቹ አንድ በአንድ ተፈቱ። በሩ ዘመመ፤ ከነስፖንጁ ሁለቱም ላይ ተኛባቸው።

ጡሩምባ በበሩና በሁለቱ ሰዎች ላይ ተረማምዶ ገባ። እግሬን አሸተተ፣ አልጋዬ ሥር ተጠቀለለ፣ ጡረታ እንደወጣ ሰው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ዝም አለ።

ከበሩ ሥር ሹፌሩ አንገቱን አወጣ። «በቃ? ይሄው ነው?»

ያኔ ሳቅሁ። የማን ሳቅ እንደሆነ ለማየት ራሴው ዞር አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሹፌሩ እንደገና አንኳኳ። ዓይኑ ከትናንቱ ብሷል።

«ደህና ነው? አልሞተም?»

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«አሁን ይጮሃል፣ አሁን ይጮሃል እያልኩ ስጠብቅ ነጋብኝ!»

አማቴ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ፤ ቆሞ መሳቅ አቃታቸው። ሹፌሩም ሳቀ። ለአከራይዋ ቡችላው አመል ገዝቷል ብሎ ሊነግራት ወረደ።

ከሰዓት በኋላ ዋርሳዬ መላጊያውን ይዞ መጣ። በሩ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«ስፖንጁን አነሳና እገጥምልሻለሁ፤ አይቆይም» አለ።

አማቴ ወደኔ አላዩም። የጡሩምባን ጆሮ ማከክ ቀጠሉ።

«ውሰደው» አልኩት። «ለሥራ ቦታህ ጠረጴዛ ይሆንሃል።»

«እታለም! ከሰው ቤት በር ተሸክሜ ስወጣ ምን ይሉኛል?»

«አናጺ ነው ይበሉህ» አሉ አማቴ። «ከታች ሹፌሩን ጥራው፤ አቅጣጫ ይነግርሃል።»

በሩን ለሁለት ተሸክመው በደረጃው እየተሟገቱ ወረዱ። የመኝታ ክፍሌ በር የለውም።